ቁልቁለቱ የመረጠው ፍሬን

በፔታህ ቲክቫ ከጎንደር በመጡ አባቶች መካከል የድሮ መኪና ጨዋታ ከተነሣ ወሬው ዞሮ ዞሮ ቁልቁለት ላይ ያርፋል። ሊማሊሞ፣ ዓባይ በረሃ፣ ጣርማ በር። ማን በየትኛው መኪና እንደ ወረደ፣ ረዳቱ ታኮ ይዞ እንዴት ከላይ እንደ ዘለለ፣ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ እንዴት አፍንጫ እንደሚሰነፍጥ። እዚህ ተወልደው ያደጉት ልጆች ስለ ፈረስ ጉልበትና ስለ ፍጥነት ይጠይቃሉ። አባቶች ደግሞ «ለመሆኑ ፍሬኑስ?» ይላሉ።

ጥያቄው የዋዛ አይደለም። መኪና ጥሩ ሞተር ካለው ይሄዳል፤ ለመቆም ግን የፊት አክስሉ፣ ጎማው የሚዞርበት ዘንግ፣ ኩሽኔታው፣ ታምቡሩ ወይም ዲስኩ፣ ሸራውና ዘይቱ ሁሉ አንድ ላይ መስማማት አለባቸው። ከእነዚህ አንዱ ከከዳ የሌሎቹ ደህንነት አያድንም። ለዚህ ነው የትኛውም የድሮ መኪና አፍቃሪ፣ ሎስ አንጀለስ ይኑር አዲስ አበባ፣ ከሞተሩ ይልቅ በፊት እግሩ ላይ ረጅም ሰዓት የሚያጠፋው።

ፔታህ ቲክቫ ለእንዲህ ያለው ጨዋታ የምትመች ከተማ ናት። በ1878 የአይሁድ ገበሬዎች መንደር ሆና ተቆረቆረች (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶችና ቀኖች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)፤ በኋላም የፋብሪካና የጋራዥ ከተማ ሆነች። ሰጉላና ቂርያት አርዬ በሚባሉት ሠፈሮቿ ቺያቤና ማርቴሎ ይዞ ያረጀ ሰው ማግኘት አያስቸግርም። ቂርያት አርዬ አሁን መልኳ እየተቀየረ ነው፤ የቢሮ ሕንጻዎች በዝተውባታል፣ በነሐሴ 2023 ሥራ የጀመረው ቀዩ የቀላል ባቡር መስመር ትልቅ የባቡር ማደሪያም እዚያው ነው። ከኢትዮጵያ የመጡ ቤተሰቦች ልጆች አንዳንዶቹ በወታደር ቤት፣ አንዳንዶቹ በሙያ ትምህርት ቤት የመኪና ጥገና ተምረዋል። አባት ትሬንታ ኳትሮ ስለሚባለው የጣሊያን ጭነት መኪና ሲያወራ ልጁ ስለ ኮምፒውተር የፍሬን ቁጥጥር ይመልሳል፤ ሁለቱም ስለ አንድ ነገር ነው የሚያወሩት።

በእስራኤል 15 ዓመት ያለፈው መኪና ለዓመታዊ ምርመራ (ለቴስት) ሲቀርብ ፍሬኑ ደህና ስለ መሆኑ የጋራዥ ማረጋገጫ ይዞ መምጣት አለበት። 30 ዓመት የሞላው ደግሞ በሰብሳቢዎች መኪናነት ሊመዘገብ ይችላል፤ ነገር ግን ከፋብሪካ እንደ ወጣ መቆየት ይጠበቅበታል። ስለዚህ አሜሪካኖች ሆት ሮድ የሚሉት ዓይነት መኪና፣ ማለትም የአንዱን አካል ከሌላው አክስል፣ የዚህን ሞተር ከዚያኛው ፍሬን ጋር ያጋባ መኪና፣ እዚህ አገር እንደ ልብ አይታይም።

የሆት ሮድ ታሪክ ግን ለኢትዮጵያዊ ጆሮ እንግዳ አይደለም። በካሊፎርኒያ ገንዘብ የሌላቸው ወጣቶች ያረጀ ፎርድ ገዝተው፣ ክንፉን አውልቀው፣ ሙሮክና ኤል ሚራዥ በሚባሉት የደረቁ ሐይቆች ላይ ይሽቀዳደሙ ነበር። የእሽቅድድም ማኅበራቸው በ1937 ተቋቋመ። ከሁሉ የወደዱት በ1932 የወጣውን ባለ ስምንት ሲሊንደር ፎርድ ነው። የዚህ መኪና ችግር ፍሬኑ ላይ ነበር፤ ከፔዳሉ እስከ ጎማው የሚደርሰው ኃይል በብረት ዘንግ የሚተላለፍ ነበር። ዱዘንበርግ የተባለው የአሜሪካ መኪና በ1921፣ ክራይስለር በ1924 በዘይት የሚሠራ ፍሬን ሲይዙ፣ ሄንሪ ፎርድ በብረት ዘንጉ እንደ ጸና ቆይቶ ወደ ዘይት የተሻገረው በ1939 ሞዴል ነው።

ወጣቶቹ ምን አደረጉ? ከ1939 እስከ 1948 ከተሠሩት ፎርዶች ፍሬኑን አውርደው በ1932ቱ ላይ ገጠሙ። ከዚያ የፊት ጎማ ዘንግ ምርጫ መጣ። ከ1937 እስከ 1941 የተሠራው የጀርባ ገጽታው ክብ ነው፤ ከ1942 እስከ 1948 ያለው አራት ማዕዘን ነው። የትኛው ፍሬን በየትኛው ላይ ያለ ብዙ መፈጋፈግ እንደሚቀመጥ፣ የትኛው ኩሽኔታ ወደ የትኛው ታምቡር እንደሚገባ የሚያውቅ ሰው በሠፈሩ ይከበር ነበር። ሌሎች ሊንከን ከሚባለው መኪና ላይ ቤንዲክስ የሚባለውን ፍሬን ፈልገው አመጡ። ይህኛው አንደኛው ሸራ ከታምቡሩ ጋር ሲይዝ ሁለተኛውን እየገፋ ራሱን በራሱ ያጠብቃል፤ ስለዚህ ለእግር ይቀላል። በ1950ዎቹ ማብቂያ ደግሞ ዙሪያውን ሙቀት የሚያበርድ ክንፍ ያለው የቢዩክ የአሉሚኒየም ታምቡር ተፈላጊ ሆነ። ዛሬም ባህሉን እንጠብቃለን የሚሉ ሰዎች ዲስክ ፍሬን ገጥመው የድሮ ታምቡር በሚመስል ክዳን ይሸፍኑታል። መልኩን ለዓይን፣ ዲስኩን ለነፍስ ብሎ ማስማማት የሚያስነቅፍ አይደለም።

የካሊፎርኒያው ወጣት ይህን ሁሉ የመረጠው በሜዳ ላይ ለመፍጠን ነው። በኢትዮጵያ ሾፌርና መካኒክ የገጠማቸው ግን ሜዳ አልነበረም።

ጣሊያን ከ1936 እስከ 1941 በያዘው ዘመን ከአስመራ እስከ አዲስ አበባ፣ ከአስመራ እስከ ጎንደር ተራራውን እየቦረቦረ መንገድ ዘረጋ። ከሁሉ በላይ የሚታወሰው መኪና በ1931 የወጣው ፊያት 634 ነው፤ በኢትዮጵያ ትሬንታ ኳትሮ እየተባለ የሚጠራው። ጣሊያን ሲሸነፍ መንገዱም መኪናውም ቀረ፤ ከጣሊያኖቹም አንዳንዶቹ ጋራዥ ከፍተው ተቀመጡ። ኋላ ፊያት 682፣ በተለይ ኤንትሬ የሚባለው፣ የጭነት ሥራውን ተረከበ። እሱ በአየር ግፊት የሚሠራ ፍሬን ነበረው። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ነገር ግን ሾፌሩ በፍርሃት ፔዳሉን ደጋግሞ ከረገጠ አየሩ ከጋኑ ያልቅና ሌላ ጣጣ ይመጣል። ጥሩ ሾፌር የሚታወቀው ፍሬን ባለማብዛቱ ነበር።

ለምን ቁልቁለት እንዲህ እንደሚያስፈራ በቁጥር ማስረዳት ይቻላል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወረዳል። ከነጭነቱ 10 ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ 27 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ጉልበት መጥፋት አለበት፤ አለዚያ ወደ ፍጥነት ይለወጣል። ይህ ሁሉ ጉልበት ሙቀት ሆኖ ቢጠራቀም 290 ሊትር ያህል ውሃ ከ20 ዲግሪ አንሥቶ ያፈላል። ያን ሙቀት ሞተሩ ካልተሸከመው ታምቡሩ መሸከም አለበት። መኪናው ወደ ታች ሲያዘነብል ክብደቱ ወደ ፊት ይመጣልና የፊቱ ታምቡር ጫና ይበዛበታል።

የጋለ ታምቡር ይሰፋል። ሲሰፋ ከሸራው ይርቃል፤ ሾፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ እግሩ ከበፊቱ ይልቅ ጠልቆ ይገባል። ሸራው ሲቃጠል ፊቱ ይለሰልስና መያዝ ያቅተዋል። የዘይት ፍሬን ከሆነ ደግሞ ዘይቱ ፈልቶ አረፋ ይሠራል፤ አረፋ በግፊት ስለሚታመቅ ፔዳሉ ባዶ ሆኖ ወለል ይነካል። ብዙ ጊዜ «ፍሬን በጠሰ» ሲባል የተበጠሰ ነገር የለም፤ የሆነው ይህ ነው። የድሮ ሾፌሮች ይህን በመጽሐፍ አልተማሩትም። የተማሩት «በምትወጣበት ማርሽ ውረድ» በሚል አንድ ትእዛዝ ነው፤ የፊዚክስ መምህር ቢጠየቅም ከዚህ የተሻለ ምክር አይሰጥም። መኪናው በከባድ ማርሽ እያጓራ ሲወርድ ሞተሩ ራሱ ፍሬን ይሆናል፣ ታምቡሩም ይተነፍሳል።

ከፔታህ ቲክቫ ነዋሪዎች መካከል ለብዙዎቹ ይህ ቁልቁለት የግል ታሪክም ነው። በ1984ቱ ዘመን ከጎንደር አካባቢ የወጡት ወደ ሱዳን በእግር ነው የተጓዙት፤ መኪና አልነበረም። በ1990 ግን በሺህ የሚቆጠሩ ቤተ እስራኤላውያን በአውቶቡስና በጭነት መኪና ከጎንደር ወደ አዲስ አበባ ወረዱ። ዓባይ በረሃን ያቋረጡት ሕፃን በጀርባቸው፣ ዕቃቸው ጣሪያ ላይ ሆኖ ነው። ለአንዳንዶቹ በሕይወታቸው የመጀመሪያው የመኪና ጉዞ ያ ነበር። በግንቦት 24 እና 25 ቀን 1991 በ36 ሰዓት ገደማ ከ14,000 በላይ ሰው በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሲገባ፣ አውሮፕላኑ በፎቶግራፍ ቀረ፤ ስለ አውቶቡሱ ግን ብዙ አልተጻፈም። በዚያ የአውቶቡስ ጉዞ ፍሬኑን የጠበቀው ሾፌርና ከመነሣቱ በፊት ከጎማው ሥር የተኛው መካኒክ ስማቸው አይታወቅም። የዚህ ታሪክ ባለውለታዎች ናቸው።

ያ መካኒክ ምን ያደርግ ነበር? ሥራው ቀላል ይመስላል። መጀመሪያ የኋላ ጎማዎችን በታኮ ይይዛል። ክሪኩን ከፊት አክስል ሥር አስገብቶ ጎማውን ከመሬት ያነሣል። ከዚያ አንድ እጁን ከጎማው አናት፣ አንዱን ከታች አድርጎ ይነቀንቃል። ጎማው ካልተንቀሳቀሰ ደግ ነው። «ቀጭ፣ ቀጭ» ካለ ሁለት ነገር ይጠረጠራል፤ አንዱ ኩሽኔታ ነው፣ ሌላው ጎማው ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚታጠፍበት ኪንግ ፒን የሚባለው ወፍራም የብረት ካስማ። የትኛው እንደሆነ ለመለየት ረዳቱ ፍሬን እንዲረግጥ ያደርጋል። ታምቡሩ ሲያዝ መነቃነቁ ከቆመ በሽታው ኩሽኔታው ላይ ነው፤ ካልቆመ ካስማው አርጅቷል። ይህ ምርመራ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ሁለት እጅና ጆሮ ይበቃሉ፤ ዛሬም በሰጉላ ያለ ልምድ ያለው መካኒክ ኮምፒውተሩን ከመክፈቱ በፊት የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ኩሽኔታው ላይ ከሆነ ዳዶውን ፈትቶ ታምቡሩን ይስባል። ውስጡ ጥቁር ዱቄት ሞልቶታል። ኩሽኔታውን በነዳጅ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ግሪሱን መዳፉ ላይ ያኖርና ኩሽኔታውን በመዳፉ ጠርዝ እየጫነ ግሪሱ በሌላ በኩል እስኪወጣ ይሞላዋል። መልሶ ሲገጥም ዳዶውን አጥብቆ ጎማውን ያሽከረክራል፣ ከዚያ ትንሽ ይመልሰዋል። በጣም የጠበቀ ኩሽኔታ ይቃጠላል፣ በጣም የላላ ጎማውን ያንገዳግዳል። በመጨረሻ ኮፒሊያውን አስገብቶ ጫፉን ያጥፋል። ይህን ሽቦ የረሳ መካኒክ ጎማ ከመኪናው ቀድሞ ቁልቁለት ሲወርድ ያያል።

በከተማ ሌላ ዓይነት ምርጫ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ለረጅም ጊዜ በታክሲነት ያገለገለችው ሴይቼንቶ፣ በ1955 የወጣችው ፊያት 600፣ ሞተሯ ከኋላ ስለነበረ ፊቷ ቀላል ነው። አራቱም ጎማዎቿ የዘይት ታምቡር ፍሬን ነበራቸው፤ የፊት ባሌስትራዋ ከአንዱ ጎማ ወደ ሌላው ተሻግሮ የተጋደመ ነው። የሚገርመው፣ የካሊፎርኒያ ወጣቶች የሚያመልኩት የ1932ቱ ፎርድም ባሌስትራው በዚያው ዓይነት የተጋደመ ነው። ቮልስ ደግሞ እስከ 1965 ድረስ ፊቱ በካስማ የሚታጠፍ ሆኖ ቆየ፤ ከዚያ በኋላ በቴስቲና፣ ማለትም ኳስ መሰል ራስ ባለው መገጣጠሚያ፣ ሆነ። አዲስ አበባ ውስጥ ቮልስ የያዘ ሰው የፊት አክስል ሲለውጥ የድሮውን ወይስ የአዲሱን የሚለው ክርክር ዛሬም አልሞተም። የድሮው ግሪሱን በጊዜው ካገኘ ዕድሜው ረጅም ነው፤ የአዲሱ ደግሞ ለመሪ ይቀላል። ለአዲስ አበባ መንገድ የድሮው ይመረጣል፤ ግሪስ ማንም ሊሰጥ ይችላል፣ ቴስቲና ግን መግዛትን ይጠይቃል።

ስለ ላዳ የሚባለው ነገር መታረም አለበት። ብዙ ሰው ላዳን የፊያት ርካሽ ግልባጭ አድርጎ ያያታል። በ1966 የወጣው ፊያት 124 በአራቱም ጎማዎቹ ዲስክ ነበረው። ሶቪየቶች በ1970 ላዳ አድርገው ማምረት ሲጀምሩ የኋላውን ዲስክ አንሥተው ታምቡር አደረጉበት፤ የፊቱን ዲስክ ግን ተዉት። ለምን ቢባል፣ በጭቃና በጠጠር መንገድ የተጋለጠው የኋላ ዲስክ ሸራውን ቶሎ ይበላ ነበር፤ ታምቡር ግን ሸራውን ከውስጥ ሸሽጎ ይይዛል። በመኪናው ላይ ከ800 በላይ ለውጦች እንዳደረጉ ይታወቃል፤ ብረቱን አወፈሩ፣ ከመሬት ከፍ አደረጉት። እነዚያ ሰማያዊና ነጭ የላዳ ታክሲዎች በአዲስ አበባ ለአሥርት ዓመታት የሠሩት በአጋጣሚ አይደለም። ለፊት ዲስክ፣ ለኋላ ታምቡር፤ ለኢትዮጵያ መንገድ ከዚህ የተሻለ ምርጫ በዚያ ዘመን አልነበረም።

ዕቃ ሲጠፋ መርካቶ ሶማሌ ተራ አለ። እዚያ ያለ ነጋዴ ታምቡር አንሥቶ በጣቱ ጥፍር ከውስጥ ዳሶ ስንት ሚሊ እንደ ቀረው የሚነግር ነው። የአንዱ መኪና ክፍል ለሌላው እንዲሆን ቶርኒ ቤት ገብቶ ይላጋል፣ ቀዳዳው ይሰፋል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ይህ ሥራ መጽሔት ወጥቶለታል፤ ሆት ሮድ የተባለው መጽሔት ከጥር 1948 ጀምሮ እየታተመ የትኛው ዘንግ ለየትኛው ፍሬን እንደሚስማማ ለዓለም ሲያስተምር ኖሯል። የሶማሌ ተራው ዕውቀት ግን ከአፍ ወደ ጆሮ ብቻ ነው የተላለፈው።

ቤተ እስራኤል ከመኪናው ጋር ሌላም ዝምድና አላቸው። በጎንደር አካባቢ ብረት መቀጥቀጥ የእነሱ ሙያ ነበር፤ ማረሻ፣ ማጭድና ቢላዋ ከእጃቸው ይወጣ ነበር። መኪና በአገሩ ከበዛ በኋላ የተሰበረ ባሌስትራ ለቀጥቃጭ ጥሩ ብረት ሆነ፤ ያን ያህል ጭነት ተሸክሞ የማይጎብጥ ብረት በእሳትና በወናፍ ሲሠራ ስለቱ ይጠነክራል። የጭነት መኪና ባሌስትራ እርሻ ውስጥ ማረሻ ሆኖ ሲያርስ ማየት በኢትዮጵያ የተለመደ ነው። ብረት ሲግል ቀለሙን አይቶ ጥንካሬውን የሚያውቅ ሰው ልጅ ዛሬ ፔታህ ቲክቫ ውስጥ የታምቡር ፊት ሰማያዊ ሆኖ ሲያገኘው «ይህ ከመጠን በላይ ግሏል» ቢል የአባቱን ዓይን ነው የተጠቀመው። ይህን ሙያ ይዘው የኖሩ ሰዎች በቀድሞው አገር በሙያቸው የተናቁበት ዘመን ነበር። ንቀቱ ያለ ቦታው ነበር፤ ያለ እነሱ እጅ ገበሬው አያርስም።

ስለ ጥቁሩ ዱቄትም መናገር ይገባል። የድሮ የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ነበረበት። መካኒኮች ታምቡሩን ሲከፍቱ ዱቄቱን በአፋቸው እፍ ይሉት ወይም በአየር ያባርሩት ነበር፤ ማንም አላስጠነቀቃቸውም። የአስቤስቶስ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመታት በኋላ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። እስራኤል በ2011 አስቤስቶስን የሚመለከት ልዩ ሕግ አውጥታለች። በወጣትነቱ በኢትዮጵያም ሆነ በእስራኤል ጋራዥ የሠራና ዛሬ ሳል የጸናበት አባት ለሐኪሙ የቀድሞ ሥራውን መንገር አለበት፤ ሐኪም ካልተነገረው ላይጠይቅ ይችላል። የድሮ መኪና የሚያድሱ ወጣቶችም ያረጀ ታምቡር ሲከፍቱ ዱቄቱን እፍ ማለት የለባቸውም፤ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግና ጭምብል ማድረግ ነው።

ኢትዮጵያ ከ2024 መጀመሪያ አንሥቶ በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክላለች። በኤሌክትሪክ የሚሄድ መኪና ቁልቁለት ሲወርድ ሞተሩ ወደ ጄኔሬተርነት ይለወጥና ያ ታምቡር ያቃጥል የነበረው ጉልበት ተመልሶ ባትሪ ይሞላል። ጎሐ ጽዮን ላይ ባትሪውን ሙሉ አድርጎ የሚነሣ ሾፌር ግን ለሚመለሰው ጉልበት ቦታ አይኖረውምና እንደ ጥንቱ በፍሬን ሸራ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ከመውረዱ በፊት ማሰብ ያለበት የዛሬው ሾፌርም ነው።

የአሜሪካ ሆት ሮድ ሰዎች በ1937ቱና በ1942ቱ ዘንግ መካከል ያለውን ልዩነት በሥዕልና በልኬት መዝግበው አስቀምጠዋል። የትሬንታ ኳትሮን ታምቡር በሊማሊሞ ያበረደው፣ የቮልስን ካስማ በእጁ የላገው፣ ባሌስትራን ወደ ማረሻ የለወጠው ሰው ዕውቀት ግን በአባቶች ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው፤ አባቶችም እየቀነሱ ነው። በፔታህ ቲክቫም ሆነ በሌላ ከተማ አባትዎ ወይም አያትዎ ሾፌር፣ ረዳት፣ መካኒክ ወይም ቀጥቃጭ ከነበሩ ስልክዎን አውጥተው ድምፃቸውን ይቅዱ። የመኪናውን ዓይነት፣ መንገዱን፣ የወረዱበትን ማርሽ፣ ከየትኛው መኪና የትኛውን ክፍል አውርደው እንደ ገጠሙ በስሙ እየጠሩ እንዲነግሩዎ ይጠይቁ፤ መሣሪያቸው ካለም ፎቶግራፍ አንሥተው በላዩ ምን እንደ ሠሩበት ይጻፉበት።